ለሐዲዱ ብላችሁ ሣጥኑን አትጣሉ
ያገለገለ የመፍቻ ሣጥን መሳቢያዎችን ለመጠገንና ሐዲዳቸውን ለመቀየር

ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ሲጨርስ ፍሬኑ ግሏል፣ ሾፌሩም መካኒክ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣው የውሃ ፓምፕ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ የማሾና የማሽላ መውቂያው አለ። ሁሉም የሚጠገነው እዚያው መንገድ ዳር ነው። «አስራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ» ሲባል ቁልፉ ወዲያው ካልተገኘ፣ ወይም መሳቢያው ነክሶ አልከፈት ካለ፣ የቀኑ ሥራ ይጓተታል።

ባለ መሳቢያ የብረት ሣጥን አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ባለሙያ የሚገዛው ያገለገለውን ነው፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ በጨረታ የወጣውን፣ ወይም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ተጭኖ የመጣውን። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ንብረቱን ላጣና ከባዶ ለጀመረ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ትልቅ መነሻ ነው። የሣጥኑ አካል አሥርት ዓመታት ይቆያል። ቀድሞ የሚደክመው ሐዲዱ ነው፤ ሐዲድ ደግሞ ይጸዳል፣ ይቃናል፣ ይቀየራል። አብዛኛው «ሐዲዱ አልቋል» የተባለ መሳቢያ በእርግጥ ያለቀ ሳይሆን የቆሸሸ ወይም የተንጋደደ ነው። ስለዚህ ከኪሳችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለዩ።

ችግሩን መለየት

ሣጥኑን ባዶ አድርጉት። አንዱን መሳቢያ ከፍታችሁ ዕቃውን አውጡ፣ ዝጉት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁለት ሦስት የተጫነ መሳቢያ አንድ ላይ ከተከፈተ ሣጥኑ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ የተገለበጠ ሙሉ ሣጥን እግር ይሰብራል። ጎማ ካለው ጎማውን ቆልፉ ወይም ድንጋይ አስደግፉ። አንዳንድ ሣጥን አንድ መሳቢያ ክፍት ሆኖ ሳለ ሌላውን አላስከፍትም ይላል፤ ይህ መገልበጥን ለመከላከል የተሠራ እንጂ ብልሽት አይደለምና አታስገድዱት።

ቀጥሎ ወለሉን ተመልከቱ። ወለሉ አፈር ወይም ጠጠር ከሆነ አንዱ ጎማ ሰምጦ ሣጥኑ ይጣመማል፣ ሣጥኑ ሲጣመም ደህናውም ሐዲድ ይነክሳል። በሣጥኑ ፊት ከቀኝ ላይኛው ማዕዘን እስከ ግራ ታችኛው፣ ከዚያም ከግራ ላይኛው እስከ ቀኝ ታችኛው በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ከሰመጠው ጎማ ሥር ወፍራም ላሜራ ወይም ጣውላ እያስገባችሁ አስተካክሉና እንደገና ለኩ። ይህን ብቻ አድርጎ ሥራውን የጨረሰ ሰው ብዙ ነው።

ካልሆነ ባዶውን መሳቢያ በቀስታ ሳቡና እጃችሁ የሚነግራችሁን አዳምጡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሸዋ እንዳለበት የሚያንገጫግጭ ከሆነ ቆሻሻ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ እዚያ ጋ ሐዲዱ ተጣሟል፣ ወይም ብይ ጎድሏል። ሲከፈት ፊቱ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ ብዮቹ ተበልተዋል፣ ወይም ሐዲዱ የተንጠለጠለበት ቀዳዳ ተቀዷል። ሊዘጋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው የሚቆም ከሆነ ደግሞ ብዮቹን የያዘው ማቀፊያ ከቦታው ተንሸራቷል። ለዚህ የመጨረሻው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባዶውን መሳቢያ ሳትመቱ፣ በእኩል ኃይል፣ በሁለት እጅ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ማቀፊያው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጥፋቱ ከመሳቢያው ይሁን ከሣጥኑ ካልለያችሁ፣ እኩል ስፋት ያላቸውን ሁለት መሳቢያዎች ቦታ አቀያይሩ። ችግሩ መሳቢያውን ተከትሎ ከሄደ መሳቢያው ላይ ያለው የሐዲድ ክፍል ነው፤ እዚያው ከቀረ ሣጥኑ ላይ ያለው ነው።

መሳቢያውን ማውጣት

ባለ ብይ ሐዲድ ከሆነ መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ሳቡና ጎኑን እዩ። በግራም በቀኝም በሐዲዱ ውስጥ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ ታገኛላችሁ። አንደኛው ወደ ላይ ሲነሣ ሌላኛው ወደ ታች ይጫናል፤ ምክንያቱም ለሁለቱም ጎን የሚያገለግለው አንድ ዓይነት ሐዲድ ተገልብጦ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንደያዛችሁ መሳቢያውን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ምላስ ከሌለው፣ ላሜራ በላሜራ ላይ የሚንሸራተት የድሮ ዓይነት ነው፤ ፊቱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ማቆሚያውን አሳልፉት። በካቻቢቴ መጎርጎር ምላሱን ይሰብራል፣ የተሰበረ ምላስ ደግሞ ለብቻው ገዝታችሁ አትተኩትም።

የሣጥኑ ጎን ላይ የቀረውን ሐዲድ ስታወጡ አሠራሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ብዙ የመፍቻ ሣጥን ሐዲዱን የሚይዘው በብሎን ሳይሆን በመንጠቆ ነው። መንጠቆዎቹ ሣጥኑ ላይ በተቀደዱ ቀዳዳዎች ገብተው ይቀመጣሉ፣ አንድ ብሎን ወይም የታጠፈች ላሜራ ደግሞ እንዳይወጡ ትይዛቸዋለች። ያቺን ካነሣችሁ ሐዲዱ ገፋ ሲደረግ ይወጣል። እያንዳንዱን «ቀ1»፣ «ግ1»፣ «ቀ2» እያላችሁ ጻፉበት። አብረው የቆዩ ሐዲዶች አብረው ተበልተዋልና ቦታቸው ባይቀያየር ይሻላል።

ማጽዳት

በይፋት ቆላ የመሳቢያ ዋና ጠላት አቧራ ነው። በበጋ ከጠጠሩ መንገድ የሚነሣው፣ በአዝመራ ጊዜ ከአውድማ የሚመጣው ገለባ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ከብረት መቁረጫ የሚረጨው ብናኝ፣ ሁሉም ክፍት ሐዲድ ላይ ያርፋል። ሐዲዱ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ከፊሉ ይራገፍ ነበር። የቆየ ግራሶ ካለበት ግን ይይዘዋል፣ በብይና በብረቱ መካከልም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። ለዚህ ነው ቆሻሻ ሐዲድ ላይ አዲስ ግራሶ መጨመር ጥፋት የሚሆነው። ለሁለት ሳምንት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ይነክሳል።

አሮጌ ጀሪካን በቁመቱ ቁረጡና ሐዲዱን የሚያስተኛ ገንዳ አብጁ። ላምባ ወይም ናፍጣ ጨምራችሁ ሐዲዱን አስተኙና ጥቂት አቆዩት። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብዮቹ የሚሮጡበትን ጎድጓዳ መስመር ፈትጉ። ማቀፊያውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ እያንዳንዱ ብይ እንዲሽከረከር አድርጉ፤ ቆሻሻው የተጠቀጠቀው ከብዮቹ ኋላ ነውና። የመጀመሪያው ናፍጣ ሲጠቁር ድፉት ሳይሆን ዕቃ ውስጥ አኑሩት፤ ሌላ ክፍል ለመዘፍዘፍ ይሆናል። ሁለተኛ ዙር በንጹሕ ናፍጣ እጠቡ፣ በጨርቅ ወልውሉ፣ ጥላ ሥር አድርቁ።

ቤንዚን አትጠቀሙ። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጎረቤት ብየዳ ቤት ካለ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ቶሎ ያጸዳል ተብሎ የሚደረገው ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ዝገት ካለ በቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት በቁመት አሹት። ሻካራው ወረቀት ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱም ብዩን ይበላል። ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎ ብረቱን ከበላው ግን አትድከሙበት፤ ያ ሐዲድ የሚቀየር ነው።

ከዚያ ቅባቱ። ለተራ መሳቢያ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል፤ በሸዋ ሮቢትም በአጣዬም ሰፊ ባለበት ሁሉ ይገኛል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉ፣ ሐዲዱን ደጋግማችሁ ሳቡና ግፉ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ሐዲዱ ማብረቅረቅ ብቻ ነው ያለበት፤ ጣታችሁን ስታሳልፉ እርጥበት ካገኛችሁ በዝቷል፣ ድገሙና ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን አታስጠጉት፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ግራሶ በቆላ ሙቀት ይቀልጣል የሚሉ አሉ፤ የተለመደው የሊትየም ግራሶ ከ180 ዲግሪ በታች አይቀልጥምና ምክንያቱ እሱ አይደለም። ግራሶን የምንቆጥበው አቧራ ስለሚይዝ ነው። ከባድ ዕቃ ለሚሸከመው የታችኛው መሳቢያ ስስ ግራሶ መቀባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን በዓመት ሁለቴ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና አዝመራው ከተነሣ በኋላ በጥር፣ ፈታችሁ አጽዱት።

ብይ ለሌለው፣ ላሜራ በላሜራ ላይ ለሚንሸራተተው ሐዲድ፣ ከዘይት የሚሻለው የንብ ሰም ነው። የሚነካኩትን ሁለቱን ጠርዞች ደረቅ አድርጋችሁ በሰሙ ፈትጓቸው። ሻማም ይሠራል፣ ግን ሰሙ የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብዙ ሻማ ከዚያ ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሣጥን ደግሞ በጣም ይግላል።

ማቃናትና ብይ መሙላት

የሐዲዱ ከንፈር ከተከፈተ ብዮቹ ይላላሉ፣ ከተጨፈለቀ ይነክሳሉ። ደህናውን ሐዲድ ለመለኪያ አጠገባችሁ አድርጉና በፒንሳ ጥቂት በጥቂት መልሱት፤ የፒንሳውን ጥርስ በጨርቅ ጠቅልሉ። በቁመቱ የተጣመመውን ሞርሳ ውስጥ በሁለት ጣውላ መካከል አስራችሁ በእንጨት ላይ በቀላል መዶሻ ምቱ። ብረቱን በቀጥታ አትምቱት።

ብይ ከጎደለ ከተጣለ ተመሳሳይ ሐዲድ አውጥታችሁ መሙላት ትችላላችሁ። በካሊፐር ለኩት። የብስክሌት የፊት ጎማ ብይ 4.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተ ሐዲድ ብይ ልኩ ይኸው ከሆነ ይሆናል፣ ካልሆነ «ይቀራረባል» ብላችሁ አትክተቱ። በጥቂቱ የሚተልቅ ብይ ሐዲዱን ያንቃል፣ የሚያንስ ደግሞ ምንም ሸክም አይቀበልም። ሥራውን ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ፣ ብዩን በማቀፊያው ቀዳዳ ላይ በቅንጣት ግራሶ አጣብቁት። ማቀፊያው ራሱ ተቀዶ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ቀይሩ።

ሣጥኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ተቀዶ ከሆነ ብዙ ሰው ወደ ብየዳ ቤት ይሮጣል። እኔ አልመክርም። የሣጥኑ ጎን ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ላሜራ ስለሆነ በኤሌክትሮድ ይበሳል፣ በሙቀቱም ይጣመማል፣ የተጣመመ ጎን ደግሞ ሌላውን መሳቢያ ያበላሻል። ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ መጣፊያ ቆርጣችሁ ቀዳዳውን እሱ ላይ አውጡና በአራት ሪቬት ምቱት። በሙቀት ሳይነካካ ከመጀመሪያው ይጠነክራል።

አዲስ ሐዲድ መግዛትና መግጠም

ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ሐዲድ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል ብቻ መጠየቅ ደብረ ብርሃን ድረስ ሁለቴ ያመላልሳል። ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ሌሎች ልኮች ደግሞ እነዚህ ናቸው። የሣጥኑን ውስጣዊ ስፋት ለኩ፣ ከሱ ላይ የመሳቢያውን ውጫዊ ስፋት ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፤ የሐዲዱ ውፍረት እሱ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሸጠው የተለመደው ባለ ብይ ሐዲድ ቁመቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በሁለቱ ጎን ተደምሮ 25.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ክፍተቱ በዛ ካለ በላሜራ ቅዳጅ መሙላት ይቻላል። ካነሰ ግን ያ ሐዲድ አይሆናችሁም፤ በግድ ማስገባት መሳቢያውን ያጎብጠዋል። ርዝመቱ በ50 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይሸጣል፣ 300፣ 350፣ 400፣ 450፣ 500። ከሣጥኑ ጥልቀት የማይበልጠውን ምረጡ። ሁልጊዜም ጥንድ ግዙ፤ አንዱን ብቻ መቀየር መሳቢያውን ወደ አሮጌው ጎን ያዘነብለዋል።

ሸክሙን አስሉ። ይህን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፣ የሚቀጣውም እሱ ነው። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነና 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መሳቢያ 12,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ሢሶው ብረት ቢሆን 4,000 ነው። የብረት ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም ስለሆነ ያ ቀጭን መሳቢያ ከ31 ኪሎ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። የተለመደው ባለ 45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ጥራቱን ጠብቆ ከተሠራ ለጥንዱ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ይችላል። ነጩ፣ ባለ ፕላስቲክ ጎማው የኩሽና መሳቢያ ሐዲድ ግን 25 ኪሎ ገደማ ነው፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ለመፍቻ አትግዙት። በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋውንም ተዉት፤ ያ ፕላስቲክና ስፕሪንግ በጋራዥ አቧራ አይዘልቅም።

ሐዲዱን ከመስቀላችሁ በፊት ቀዳዳውን ብሱ፤ የፑንታው ፍርፋሪ አዲሱ ሐዲድ ውስጥ ከገባ ከመጀመሪያው ቀን ታበላሹታላችሁ። የሐዲዱን መስመር ስታሠምሩ ከሣጥኑ የታችኛው ጠርዝ እየለካችሁ ግራና ቀኙን እኩል አድርጉ። መሬቱን በውኃ ልክ ተማምናችሁ አታሥምሩ፤ ወለሉ ነገ ይሰምጣል፣ የሣጥኑ ጠርዝ ግን አይለወጥም። ሐዲዱ ላይ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ፣ ረዘም ያለና ክብ። በመጀመሪያ በረዘመው ብቻ፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገቡ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። መሳቢያውን አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስተካክሉ። እኩል ሲሄድ ብቻ የክቡን ቀዳዳ ብሎን አስራችሁ ሁሉንም አጥብቁ። የብሎኑ ራስ ጠፍጣፋ ይሁን። ካበጠ የሚያልፈውን የውስጠኛ ሐዲድ ይመታል፣ ያንኑ ጥፋት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። በሪቬት የምትመቱ ከሆነ ለባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳውን በ4.1 ብሱ፤ ለከባድ መሳቢያ ከአሉሚኒየሙ የብረቱን ሪቬት ምረጡ።

መሳቢያውን ስታስገቡ የሁለቱንም ጎን ማቀፊያ ወደ ፊት ሳቡና መሳቢያው ላይ ያለውን ክፍል በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ አስጀምሩ። እምቢ ካለ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። በመዶሻ ወይም በጉልበት የገባ መሳቢያ ማቀፊያውን ይሰብራል፣ ብዩም መሬት ላይ ይዘረገፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤት ዕቃ ሐዲድ እንደ መፍቻ ሣጥን ሐዲድ አጥብቆ አይቆለፍም፤ ሣጥኑን ስትገፉ መሳቢያው በራሱ ይወጣል። በሣጥኑ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ ጠፍጣፋ ብረት አበጁና በጓጉንቸር ያዙት። ሌባንም ይከላከላል።

ሐዲድ ሲጠፋ

ልኩ ጨርሶ ካልተገኘ እዚያው በአቅራቢያችሁ የሚሠራ መፍትሔ አለ፤ ለታችኛው ከባድ መሳቢያ እንዲያውም ከርካሽ ሐዲድ እመርጠዋለሁ። 25 በ25 የሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንግል ብረት በመሳቢያው ርዝመት ልክ አስቆርጡ። በሣጥኑ ሁለት ጎን እኩል ከፍታ ላይ በብሎን እሰሩ፤ መሳቢያው በታች ጠርዙ እዚያ ላይ ያርፋል። ብረት በብረት ላይ እንዳይፋጭ ከቢጫው የዘይት ጀሪካን 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቅዳጅ ቁረጡና አንግሉ ላይ አንጥፉ። ያ ፕላስቲክ የሚያዳልጥና ጠንካራ ነው፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አያለሰልሰውም። ማጣበቂያ ግን አይቀበልምና ጠፍጣፋ ራስ ባለው ብሎን፣ ራሱን ከፕላስቲኩ በታች አስጥማችሁ፣ ከፊትና ከኋላ ያዙት። ከመሳቢያው የላይኛው ጠርዝ በላይ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትታችሁ ሌላ ቀጭን አንግል እሰሩ፤ እሱ ከሌለ መሳቢያው ግማሽ ሲወጣ አፍንጫውን ይደፋል። ኋላው ላይ ማቆሚያ አድርጉለት። እንዲህ ያለው መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ሁለት ሦስተኛው ይወጣል፤ ክሪክ፣ መዶሻና ትልልቅ ቁልፍ ለሚቀመጥበት ይበቃል።

ዕቃውን ስትመልሱ ከባዱን ከታች፣ ቡሶላውንና ትንንሾቹን ቁልፎች ከላይ አድርጉ። ሽንኩርት ማሳ ውለው ጭቃና ላብ ነክቷቸው የመጡትን መፍቻዎች ጠርጋችሁ መልሱ፤ እርጥብ ቁልፍ ራሱ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም መሳቢያ ያዝጋል።

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራ ቆሬ የቁሳቁስ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ፣ ባለ 45 ሚሊ ሜትሩን ባለ ብይ ሐዲድ ቢያንስ በ400ና በ450 ርዝመት፣ ከነብሎኑ፣ ጥንድ ጥንዱን አስቀምጡልን። ያለዚያ በአንድ ጥንድ ሐዲድ የሚድን ሣጥን ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ በኪሎ ይሸጣል።